አሥራ አራተኛዋ ድመት

ሟቹ ከሦስተኛው ፎቅ ወደ አራተኛው በሚያወጣው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር የተገኘው። ጭንቅላቱ የደረጃውን ጠርዝ መትቷል። በቀኝ እጁ አንድ ቀይ የድመት አንገት ማሰሪያ ጨብጧል፤ ዘለበት ያለው፣ ትንሽ ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ «14» የሚል ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ታርጋ ያለው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ አልፎ ጥቂት ደቂቃ ነበር።

ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነስቷል፤ ሕንፃው ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። ከበሩ ጀምሮ ያገኘችው ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አራተኛ ፎቅ ቀስሮ «እሷ ናት» አላት። መርማሪዋ ደግሞ አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ ሲናገር ደስ የማይላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ብለው ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም፤ ሌላው በደፈናው የተቀበለውን ወሬ እሷ ነፍታ ጠጠሩን ታስቀራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። «አድራሻ የሌለው ነገር ሁሉ ይጠፋል» የምትል አባባል ነበረችው፤ ሰላምታው እስክትመስል ድረስ ይደጋግማታል። ከሁለት ወር በፊት በሕንፃው ያለች ድመት ሁሉ እንድትከተብ፣ የአንገት ማሰሪያና ታርጋም እንድታስር፣ ታርጋ የሌላት ግን ለእንስሳት ተቆጣጣሪዎች እንድትሰጥ አስወሰነ። ተቆጣጣሪዎቹ የወሰዷትን ድመት በሦስት ቀን ውስጥ ባለቤቷ ካልመጣላት ይገድሏታል። ድመት ያለችበትን የራሱን ቤት ጨምሮ አሥራ ሦስት ቤት እሺ አለ። የአሥራ አራተኛዋ ድመት ባለቤት፣ የአራተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ በስብሰባው መሀል ብድግ ብላ «አሻፈረኝ!» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ አሻፈረኝ ሆኖ ቀረ።

«እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። ሳጅኑ ሆደ ሰፊ ሰው ነው፤ ከድመት ጋር ግን አልተፈጠረም። የድመት ፀጉር የነካው ነገር ሁሉ ያስነጥሰዋል። ከመግቢያው በር እስከ ሦስተኛ ፎቅ አሥራ አንድ ጊዜ አስነጥሷል፤ ወንፊት ቆጥራለታለች። «ሰውየው ከድመቷ ጋር ሲታገል ሴትዮዋ ገፈተረችው። አለቀ።»

«ማሰሪያውን ሊያስር ሲታገል ነው ወይስ ከአንገቷ ሲነጥቅ?»

«እ… ከሁለት አንዱን ነዋ።»

«እስኪ አውጣውና ታርጋውን አንብብልኝ።»

ሳጅኑ መሀረቡን ኪሱ ከትቶ ማሰሪያውን ከላስቲክ ከረጢቱ አወጣው። ዓይኑ ስለሚደክም አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ቁጥሩን አነበበላት፤ ገልብጦም በታርጋው ጀርባ የተመታውን የክትባት ማኅተም አነበበ። ቀኑ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ወንፊት ግን የምታየው ታርጋውን ሳይሆን የሳጅኑን አፍንጫ ነበር። ሄዳ የሟቹን ቤት አንኳኳች።

የከፈተችላቸው የሟች እህት ናት፤ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል።

«ምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ? ገዳይዋ እላዬ ላይ ቁጭ ብላ የስፌት መኪናዋን ታንኳኳለች! ትናንትም አላቆመች፣ ዛሬም አላቆመች። እሷ ካልታሰረች እኔ እዚህ ቤት አላድርም።»

«እትዬ፣ ወንድምዎ ትናንት ሲወጡ እጃቸው ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ‹ወደ ላይ ደርሼ መጣሁ› ብሎ በነጠላ ጫማ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ጓ የሚል ሰማሁ። ወጥቼ ሳየው…» አልጨረሰችውም።

በሟቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የእንጨት መደርደሪያ ተሰቅሏል፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤ እንደሚለይበት ዓይነት፣ ትንንሽ ሳጥኖች ያሉት። በየሳጥኑ የአንዲት ድመት ወረቀት ገብቷል። በአሥራ አራተኛው ሳጥን ወንፊት ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው ቀጭን ጥቁር የጨርቅ ማሰሪያ ነው፤ ዘለበት የለውም፣ ጫፍና ጫፉ በስስ ነጭ ክር ብቻ ተያይዟል። ሁለተኛው ከሕንፃው የእንስሳት ሐኪም የክትባት መዝገብ የተገለበጠ አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው መስመር በቀይ ተሰምሮበት አጠገቡ «ወደ ላኪው ይመለስ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ?»

«የፖስታ ቤት ቋንቋ ነው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሰው በአድራሻው ካልተገኘ እንዲያ ተጽፎበት ይመለሳል።»

«ጡረታ ከወጡ ወዲህም እንዲህ ይጽፉ ነበር?»

«አንድም ቀን። ቀይ እስክሪብቶውን ያነሳው ረቡዕ ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ። ‹ምነው?› ስለው ‹የድመቱስ ድመት ነው፤ የሰው እጅ ግን…› ብሎ ተወው። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ።»

ወንፊት ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ ከጥቁሩ ማሰሪያ ጋር ኪሷ ከተተችው።

ሳጅኑ የአራተኛ ፎቁ በር ሳይከፈት ነው ማስነጠስ የጀመረው። አሻፈረኝ ስድሳ የዘለለች ቀጭን ሴት ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መርፌዎቿ ደረቷ ላይ። እንግዶቹን ስታይ ከመኪናዋ አልተነሳችም።

«ልታስሩኝ ከሆነ ይቺን እጅጌ ልጨርስ። የሰው ልብስ ነው፤ ባለቤቷ ምን አጠፋች?»

«ማንን እንደማስር ገና አላወቅሁም።»

«ከታች ያሉት ሁሉ አውቀውት የለ እንዴ! ይሄን ሁሉ ዳኛ አልፈሽ ስትመጪ አልነገሩሽም?»

መስኮቱ ሥር ከተከመረው የጨርቅ ቁራጭ ውስጥ ግራጫ ድመት ራሷን ብቅ አደረገች። ስሟ ሽፍታ ነው። ተንጠራርታ ወረደችና እየነጠረች በቀጥታ ወደ ሳጅኑ ሄደች፤ ድመት የሚሸሻትን ሰው ማወቅ ትችልበታለች። የምትነጥረው በሦስት እግር ነው። የፊት ግራ እግሯ ከትከሻዋ ጀምሮ የለም።

«እግሯን ምን ነካት?»

«የአንገት ማሰሪያ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መኪናዋን አቁማ። «ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሌላ ሰፈር ሳለሁ፣ ቆንጆ ባለ ዘለበት ገዝቼ በገዛ እጄ አሰርኩላት። ሁለት ቀን ጠፋች። ሳገኛት ልታወልቀው ስትታገል እግሯ በማሰሪያው ገብቶ ተቀርቅሮ፣ ብብቷን ቆርጦ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። እግሩ ሊድን አልቻለም። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ገባሽ? ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውረድ ስለሚከብዳት ከዚህ ክፍልና ከጣሪያው አታልፍም። አሁን ኮሚቴ ተሰብስቦ ደግመሽ እሰሪ ሲለኝ እሺ ልበል? እኔ ሞቼ ነው!»

ወንፊት ጥቁሩን ማሰሪያ አውጥታ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው። ነጩ ክር ተበጠሰ።

«ክሩ ስስ ነው።»

«እንዲበጠስ ነዋ የተሰፋው!» አለችና አሻፈረኝ አፏን ያዘች። በቀስታ «የት አገኘሽው?» አለች።

«እሳቸው ሳጥን ውስጥ።»

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ማክሰኞ ብቻውን መጣ። በሩን ልዘጋበት ስል ‹አንዴ ስሚኝ› አለኝ። የሞተችው ሚስቱ ድመት ነበረቻት። ሚስቱ በሞተች በወሩ ድመቷ በመስኮት ወጥታ ጠፋች፣ ተቆጣጣሪዎች ወሰዷት፣ እሱ ፈልጎ የደረሰው በአራተኛው ቀን። ‹አድራሻ ቢኖራት ኖሮ› ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም የሽፍታን ትከሻ አሳየሁት። ለካ ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ እንዲህ ያናከሰንም እሱ ነው። ከዚያ ዘለበት የሌለው፣ እንጨት ላይ ቢንጠለጠል ወይ እግር ቢገባበት የሚበጠስ ማሰሪያ ሰፍቼ ሰጠሁት። እሑድ ለስብሰባው ሊያሳይ ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደምሰፋ ሊነግረኝ ቀጠረኝ። ጠበቅሁት። ጓ ከሚለው ድምፅ በቀር የመጣልኝ የለም።»

«ይህን ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ፈርደው ነው የመጡት። ለፈረደብኝ ሰው ደጅ አልጠናም።»

ደረጃው ላይ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ሴትዮዋን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጣቢያ አምጫት። ታርጋ የሌላትን ድመት የሚወስዱ ሰዎችም በዚያው ሰዓት ይመጣሉ።»

«አላመጣትም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ትእዛዝ ከሆነ በጽሑፍ ይላኩልኝ። ንጹሕ ሰው እሰሪ የሚል ወረቀት ላይ ፊርማዎን ማየት እፈልጋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሳጅኑ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ እንዳልሰማ ሆነ። ወንፊት ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ እጇን ከተገኘች ሴትዮዋ ወደ እስር ቤት፣ ድመቷም ወደ ሦስቱ ቀን መሄዳቸው ነው።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የሙዚቃ መምህር ዓይነ ስውር ነው።

«ትናንት የመጣው ፖሊስ ‹ምን አዩ?› ብሎ ጠየቀኝ» አላት። «‹ምንም አላየሁም› አልኩት፤ እውነቴን ነው።»

ወንፊት ፈገግ አለች። «እኔ ደግሞ ምን ሰሙ ብዬ ነው የመጣሁት መምህር።»

«እንዲህ ነው መጠየቅ! ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ቃጭል ከታች ወደ ላይ አለፈ።»

«ድመት ናት?»

«ድመት ከሆነች ጫማ አድርጋለች። ድመት ደረጃ ስትወጣ ትዘላለች፤ ቃጭሏ ይንጫጫና ጸጥ ይላል። ይሄኛው በየእርምጃው አንድ፣ በየእርምጃው አንድ፤ ለተማሪዎቼ ምት እንደምቆጥረው። ቃጭሉ ያለው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ከዚያ ጓ አለ። ከዚያ ጫማው እየሮጠ ወረደ። ሲወጣ እየቀጨለ የወጣው ሲወርድ ዝም ብሎ ወረደ።»

«ንግግር አልሰሙም?»

«ያ ታች ሱቅ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ምን ያሰማል? ማሽኑ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት ጆሮዬን ሲበላው ዋለ። ብረት ሲነክስና ባዶውን ሲዞር ድምፁ ይለያያል። ሰባት ቁልፍ ቀርጿል፤ አንዱን አበላሽቷል።»

ቁልፍ ቀራጩ ከመግቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሳጅኑ ፋሻውን ሲያይ መርማሪዋን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ትናንት ስንት ቁልፍ ቀረጹ ጋሼ?»

«ስድስት። ሰባት ነበር፣ አንዱ ተበላሸብኝ። ማን ነገረሽ?»

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ድመት። ሰኞ የአንዷን ታርጋ ሳጠብቅ ነከሰችኝ።»

«ሐኪም ቤት ሄዱ?»

«ምን ልሠራ? ታርጋዋ ላይ የክትባት ማኅተም አለ። የእንስሳት ዶክተራችንም ‹የተከተበች ናት፣ ምንም አትሆንም› አለኝ። ደግ ሰው ነው ምስኪን። አሮጌው ፍሪጅ ወር ሙሉ ሞቶበት ሲቸገር ከርሞ አዲሱን የገዛው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። የፍሪጁን ቁልፍ የቀረጽኩለት እኔ ነኝ።»

ወንፊት የያዘችውን ማስታወሻ ቀስ ብላ አጠፈችው። «አሥራ አራቱን ታርጋ ቀርጸው ለማን ሰጡ?»

«ለእሱው፣ በአንድ ላይ። ድመቷን ሲከትብ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታና ያስርላታል።»

የእንስሳት ሐኪሙ ክሊኒክ እዚያው ምድር ቤት ነው። ሐኪሙ ነጭ ገዋን የለበሰ፣ ጥፍሩ ሳይቀር የጸዳ፣ ወደ ሕንፃው ከመጣ ሦስት ወሩ የሆነ ሰው ነው። ከጀርባው የቆመው ፍሪጅ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም።

«ሁሉንም ከትበዋል?»

«አሥራ አራቱንም፣ በአንድ ቀን።»

«የልብስ ሰፊዋንም?»

ሐኪሙ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። «እሷማ ያን ሁሉ ከፎከረች በኋላ አፍራ ተደብቃ ነው ያመጣቻት። ማሰሪያውን በገዛ እጄ አሰርኩላት። የሙያ ምስጢር ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ድመቷን ያስታውሷታል?»

«እንዴታ! ታስቸግር ነበር። ይኸው መዝገቡ።» ጣቱን እያስኬደ አነበበ። «ቁጥር አሥራ አራት፤ ግራጫ፣ አራት ኪሎ፣ መርፌ በግራ የፊት እግር፣ ማሰሪያና ታርጋ ታስሯል።»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«አመሰግናለሁ ዶክተር። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ግን አንዴ ወደ አራተኛ ፎቅ እንዲወጡልኝ እለምናለሁ።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የአሻፈረኝ ክፍል ሞላ። የሟች እህት ከበሩ አጠገብ ፊቷን አዙራ ቆመች። መምህሩ ወንበር ተሰጠው። ሐኪሙ ባልተጨረሱ ልብሶች መካከል እጁን አጣምሮ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ኋላ ናት፤ ጭኗ ላይ የጨርቅ ክምር ይዛለች። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ።

«ቁልፍ ቀራጩስ?» አለች እህትየዋ።

«ሆስፒታል ልኬያቸዋለሁ» አለች ወንፊት። «ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነበር።»

ሐኪሙ እጁን ፈታ፣ መልሶ አጣመረ።

«ከማሰሪያው ልጀምር» አለች። «የድመት ፀጉር የነካው ነገር ሁሉ ሳጅናችንን ያስነጥሰዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ይህን ቀይ ማሰሪያ አፍንጫው ሥር ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ አላስነጠሰም። ይህ ማሰሪያ ድመት አንገት ላይ ውሎ አያውቅም። ስለዚህ ሟቹ ከድመት አንገት አልነጠቁትም።»

«ታዲያ ሊያስር ይዞት ወጥቶ ነዋ!» አለች እህትየዋ።

«ባዶ እጃቸውን ወጡ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እትዬ። ደግሞም መምህሩ ቃጭሉን የሰሙት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ ነው። በሰው እርምጃ ልክ ይቀጭል ነበር፤ በኪስ የተያዘ ነው። ወንድምዎ ከሦስተኛ ፎቅ አልወረዱም። ልብስ ሰፊዋም ከአራተኛ ፎቅ ለመውረድ ምንም ምክንያት የላቸውም፤ ያንን ሰዓት ሁሉ መኪናቸው ሲንኳኳ ነበር ብለው ያማረሩልኝም እርስዎ ነዎት። ማሰሪያውን ያመጣው የታች ሰው ነው።»

እህትየዋ ፊቷን ወደ ክፍሉ መለሰች።

«ታች ታርጋዎቹን በእጃቸው የነኩ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ። ቁልፍ ቀራጩ በዚያ ሰዓት ማሽናቸው ላይ ነበሩ፤ ያበላሹት ቁልፍ ሳይቀር ተቆጥሮባቸዋል። የሚቀረው አንድ ሰው ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለ ሐኪሙ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ታርጋውን ያሰርኩት ለድመቷ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባለቤቷ ትጠየቅ! መዝገቤ ንጹሕ ነው!»

«እስኪ መዝገቡን ይድገሙልን። ይህችን ድመት መርፌ የወጉት የት ላይ ነው?»

«በግራ የፊት እግር! ሁሉንም እዚያው ነው የምወጋ፣ ልማዴ ነው። ስንቴ ልናገር?»

«እማማ፣ ሽፍታን ያውርዷት።»

አሻፈረኝ የጨርቁን ክምር ገለጠችው። ድመቷ ወለሉ ላይ ወረደች። ተንጠራራች፤ ከዚያ በሦስት እግሯ እየነጠረች በክፍሉ መሀል አለፈች። ሐኪሙ አሥራ አራተኛዋን ድመት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ፊቱ እንደ ገዋኑ ነጣ። ሳጅኑ በኃይል አስነጠሰ።

«ያ እግር የዛሬ ስድስት ዓመት ነው የተቆረጠው» አለች ወንፊት። «እርስዎ የዛሬ ሦስት ሳምንት ወጉት። ድመቷ ታች ወርዳ አታውቅም፣ እርስዎም ወጥተው አያውቁም። እምቢ ማለታቸውን ሰምተው ይሆናል፤ አንድ ቀን እሺ ይላሉ ብለው መስመሩን ከላዩ ገልብጠው ሞሉት። ታርጋው ከእርስዎ መሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። ረቡዕ ዕለት መዝገቡ ሟቹ እጅ ገባ። እሳቸው ሽፍታን ያውቋታል። ዕድሜ ልካቸውን በሌለ ሰው ስም የመጣ ደብዳቤ ሲመልሱ የኖሩ ሰው፣ በሌለ እግር ላይ የተጻፈ መርፌ ሲያዩ ‹ወደ ላኪው ይመለስ› ብለው ጻፉ። ላኪው እርስዎ ነዎት።»

መምህሩ ብቻ «ቀጥይ» አላት።

«አንዱ መስመር ውሸት ከሆነ ሌሎቹስ? ክትባት ያለ ቅዝቃዜ ይበላሻል። ፍሪጅዎ ወር ሙሉ ሞቶ ነበር፤ አሥራ ሦስቱን ድመቶች የወጉት በዚያው መሀል ነው። ማኅተሙ ብረት ላይ ያምራል፤ ድመቶቹ ግን አልተከተቡም። ሰኞ ደግሞ አንዷ ሰው ነከሰች፣ እርስዎም ‹ምንም አትሆንም› ብለው ቤቱ መለሱት። የእብድ ውሻ በሽታ ቢኖርባትስ? ‹የሰው እጅ ግን› ያሉት ሟቹ ለዚህ ነው።»

«ልለምነው ነበር የወጣሁት!» ሐኪሙ ድንገት ፈነዳ። «ረቡዕ ‹እሑድ በስብሰባው ፊት እናገራለሁ› አለኝ፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ድመቷ ትታሰር፣ መስመሩ እውነት ይሁን ብዬ ማሰሪያውን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አገኘሁት። ‹መጀመሪያ ቁልፍ ቀራጩን ሆስፒታል ውሰደው› አለኝ። እሺ አልኩት እኮ፣ ነገ አልኩት! ‹አሁን› አለኝ፤ አልፎኝ ሊወርድ ሲል…»

«ገፈተሯቸው። ከዚያ ማሰሪያውን እጃቸው ውስጥ ከትተው በዚህች ሴት ላይ አላከኩ፤ ሁለቱ አሁንም የተጣሉ መስሎዎት።»

አሻፈረኝ ከመኪናዋ ኋላ ተነሳች። አልጮኸችም። «እሱ ያቺን ደረጃ የወጣው ለእርቅ ነበር» አለች። «ይሄን ይዘህ ኑር።»

ፖሊሶቹ ሐኪሙን ይዘው ወረዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የተቆጣጣሪዎቹ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ወንፊት ራሷ ወርዳ ባዶውን መለሰችው።

እሑድ ስብሰባው አልቀረም። ወንፊት የምስክርነት ቅጽ ለማስሞላት ስትመጣ የሟች እህት ወደ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ደረሰችባት። የወንድሟን ድመት አቅፋለች፤ በሌላው እጇ ቀይ እስክሪብቶውን ይዛለች። አሻፈረኝ በሩን ስትከፍት እህትየዋ አንገቷን ደፋች።

«ሰው በእውነት ሳይሆን በጩኸት ፈረደብሽ እህቴ። እኔ ነበርኩ አስጯሂዋ።»

«ግቢ። ድመቷን ከበሩ ላይ አታቁሚያት።»

ገባች። «ቁልፍ ቀራጩ ክትባቱን ጀምሯል፤ በጊዜ ደርሷል ብለውታል። ድመቶቹም በደንብ ይከተባሉ፣ ኮሚቴው ሌላ ሐኪም አምጥቷል። ወንድሜ ያላትን ማሰሪያ ደግሞ ሁሉም ተስማማ። አሥራ አራት የሚበጠስ።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የሟቹን ድመት አንገት ለካች፣ ጻፈችም። «አሥራ ሦስት ነው የምሰፋው» አለች።

«ሽፍታስ?»

«አታስርም።»

«የሚበጠስ እኮ ነው፣ አንቺው የሰፋሽው!»

«ለአሥራ ሦስቱ ጥሩ ነው፤ በነፍሴ እምላለሁ። ይቺ ግን አንድ እግሯን ከፍላበታለች። አሻፈረኝ!»

እህትየዋ እንባና ሳቅ ተደባለቀባት። «‹አድራሻ የሌለው ነገር ሁሉ ይጠፋል› ይል ነበር እኮ።»

«ትጥፋና ይታያል! ‹ባለ ሦስት እግሯ የማን ናት?› ብለሽ ከታች እስከ ጣሪያ ጠይቂ። ነፍሰ ገዳይ የተያዘው በሷ ነው። ከዚህ የበለጠ መታወቂያ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ!»

ወንፊት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የምስክሮቹን ስም ሞልታ ስታበቃ ከታች አንድ መስመር ጨመረችና ሽፍታ ብላ ጻፈች። የመታወቂያ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ሳጅኑን ቀና ብላ አየችው። እሱ በመሀረቡ ውስጥ ሆኖ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሦስት እግር» ብላ ጻፈችበትና ፈረመች፤ አሻፈረኝም ወደ መኪናዋ ተመልሳ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ጀመረች።